የሲፒዲ 60 ሰዓት ከየት ይመጣል?

ሰኔ ሲቃረብ መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ልመና ይበዛል፤ «የሲፒዲ ፋይልህን እስቲ ለአንድ ቀን አውሰኝ!» ሲፒዲ የምንለው ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያን ነው፤ መምህር ሥራ ላይ እያለ ማስተማሩን የሚያሻሽልበት ማለት ነው። ፋይሉ ደግሞ የዚህ እቅድና ማስረጃ የሚያዝበት ነው። ከዚያ የአምናው እቅድ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ የዘንድሮ ይሆናል። የትምህርት ቤታችን የሲፒዲ አስተባባሪ ስለሆንኩ ፋይሎቹ መጨረሻ ላይ የሚያርፉት እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱ ከሌላው ሲገለበጥ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አብሮ ይገለበጣል፤ ማን ከማን እንደወሰደ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ፋይል ከሚዋሱት አብዛኞቹ ሥራውን ሠርተውታል። ያልሠሩት መጻፉን ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናቅልለው። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማዕቀፍ መሠረት አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዋል አለበት። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ሲከፋፈል ግን በወር 6 ሰዓት ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ግንቦት ላይ ሲጀመር ነው ተራራ የሚሆነው።

ምን ይቆጠራል? ብዙ ሰው ሲፒዲ ሲባል አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ፣ አበል ያለው ስልጠና ብቻ ይመስለዋል። ስልጠናም ይቆጠራል። ግን የባልደረባን ክፍል ገብቶ ማየት፣ ትምህርትን አብሮ ማቀድ፣ በጋራ ማስተማር፣ ለአዲስ መምህር መካሪ መሆን፣ ሙያዊ ንባብ፣ ተግባራዊ ምርምር፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ጥሩ ተሞክሮ ማየት፣ ሁሉም ውስጡ አሉበት። ስለ ሰልፍና ስለ ደንብ ልብስ የተሰበሰባችሁበትን ሰዓት ግን አትጻፉብኝ! ማስተማራችሁን ያልነካ ስብሰባ ስብሰባ ነው።

ክረምት ክረምት ለዲግሪ የምትማሩም «እኔን ሲፒዲ አይመለከተኝም» አትበሉ። ማዕቀፉ የትምህርት ደረጃን ማሳደግንና በሥራ ላይ ራስን ማሻሻልን ለይቶ ነው የሚያየው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን ዋናው ነገር፣ እቅዱ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚያወጣቸው የትኩረት ነጥቦች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። የእናንተ እቅድ ከነዚህ ከአንዱ ጋር መያያዝ አለበት። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰንፈው። «የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል» ብሎ ይጽፍና ይዘጋዋል። ይሄ እቅድ አይደለም፣ ምኞት ነው። ምን እንደምትሠሩም አይነግራችሁም፣ እንደተሳካም አታውቁም።

ችግሩን ከተማሪዎቹ ደብተር ፈልጉት። እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው። የ5ኛ ክፍል ልጆች አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደምሩ ሁለት አምስተኛ ብለው ይጽፋሉ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ማለት ነው። ሁለት አምስተኛ ደግሞ ከአንድ ሁለተኛ ያንሳል! ደምረውበት አነሰ፤ ልጆቹ ግን ልብ አላሉትም። በቃ፣ ይሄ ችግር ለአንድ ሴሚስተር ይበቃል። አጭር ፈተና ስጡና ስንቱ እንደተሳሳተ መዝግቡ። አንድ ዘዴ ምረጡ፣ ለምሳሌ ወረቀት አጥፎ ክፍልፋዮችን ማነጻጸር። ባልደረባችሁ ገብቶ ይያችሁ። ዘዴውን አስተካክላችሁ እንደገና ሞክሩ። በመጨረሻ ያንኑ የሚመስል ፈተና ስጡ። ፍላጎት መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም የሚባለው ዑደት ይኸው ነው፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ውጤቱ ባይሻሻል እንኳ ለምን እንዳልተሻሻለ ከጻፋችሁ እንደ ሥራ ይታያል። እኔ በበኩሌ «ሁሉም ተማሪዎች 100 ፐርሰንት ተሻሽለዋል» ከሚል ፋይል ይልቅ እንዲህ ያለውን አምናለሁ።

መዝገቡስ? የተለየ ቅጽ እስኪመጣ አትጠብቁ። ከትምህርት እቅዳችሁ ጋር የምትይዙት አንድ ደብተር ይበቃል። ሥራው በተሠራበት ቀን፣ ከግቢ ሳትወጡ ጻፉት። ይህን ያህል ነው፦

«ኅዳር 12። የእርስ በርስ ምልከታ፣ 5ኛ ለ፣ 3ኛ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ። ውይይት 30 ደቂቃ። ያየሁት፦ መምህሯ ጥያቄ ጠይቃ ወዲያው ስም አልጠራችም፤ ትንሽ ጠበቀች። ኋላ የሚቀመጡት ልጆች እጅ አወጡ። የምሞክረው፦ ከጠየቅሁ በኋላ በልቤ እስከ አምስት መቁጠር።»

ከሥሩ የባልደረባችሁ ፊርማ። ፊርማውን ያኔውኑ ውሰዱ። ሰኔ ላይ የኅዳርን ምልከታ ፈርሙልኝ ብትሉ ሰውየው ወይ ተዛውሯል፣ ወይ ረስቶታል፣ ወይ ይሉኝታ ይዞት ያላየውን ይፈርማል። «የምሞክረው» የሚለውን መስመር በተለይ አትዝለሉት። እሱ ከሌለ ሰዓት ቆጥራችሁ እንጂ ተምራችሁ እንደሆነ አይታወቅም።

ማህደረ ተግባሩን፣ ማለትም ሰኔ ላይ የምታስረክቡትን ፋይል፣ ማደራጀት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ግለ ታሪክ፣ የግል እቅድ፣ የሰዓት መዝገብ፣ ከመካሪ ወይም ከአስተባባሪ የተሰጠ ግብረ መልስ፣ የትምህርት እቅድ ናሙና፣ የተማሪዎች ውጤት ከነትንተናው፣ የራሳችሁ ግምገማ። የተማሪ ሥራ ስታያይዙ ጥሩውን ብቻ አትምረጡ። የአንድን ልጅ የጥቅምትና የጥር ወረቀት ጎን ለጎን ብታደርጉት ከሦስት ገጽ ሪፖርት የበለጠ ይናገራል። ፋይል ማሳመር፣ በቀለም ማስመር፣ ሽፋኑን ላሚኔት ማድረግ ሰዓት አይጨምርም።

አዲስ መምህራን መንገዳችሁ ትንሽ ይለያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሙያ ትውውቅ ጊዜ ናቸው፤ በመካሪ መምህር እየታገዛችሁ ነው የምታልፏቸው። መካሪ ካልተመደበላችሁ ዝም አትበሉ፣ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። መካሪ የሆናችሁ ነባሮችም ከአዲሱ መምህር ጋር ያሳለፋችሁትን ጊዜ በራሳችሁ መዝገብ ላይ አስፍሩት። ይሄን የሚረሳ ብዙ ነው።

በየወሩ መጨረሻ ሰዓታችሁን ደምሩ። እስከ ጥር አጋማሽ 30 ካልደረሰ የቀረውን ለሁለተኛው ሴሚስተር በየሳምንቱ ከፋፍሉት፤ ከሚቀርባችሁ ባልደረባ ጋር አንድ ቋሚ ባዶ ክፍለ ጊዜ ያዙለት። ፋይሉን ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት። ዝውውር ወይም የደረጃ እድገት ሲመጣ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ፤ የትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ደግሞ የገባበትን ሁሉ አይመልስም።