በፕለጊን የተገጣጠመ ፕሮግራም አልነሳ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህ መመሪያ ኤክሊፕስ በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ላይ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለሚሠሩ ነው። ለምሳሌ የምወስደው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ የምንሠራውን የመድኃኒት ቤት ፕሮግራም ነው፤ ክምችቱ፣ ሽያጩና ሪፖርቱ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ፕለጊኖች፣ ማለትም ፕሮግራሙ ላይ የሚሰኩ ክፍሎች ናቸው። ኤክሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው 3.0 እትም ጀምሮ ፕለጊኖቹን የሚያስተዳድረው ኦኤስጂአይ በተባለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት እንደ ድግስ ቤት በረኛ ነው፤ ስሙ ዝርዝር ላይ ያልሰፈረውን የቅርብ ዘመድ ቢሆንም አያስገባም። ፕሮግራሙ አልነሳ ሲል ታዲያ ኮዱን ከመውቀስዎ በፊት ዝርዝሮቹን ይመርምሩ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሎግ ፋይሉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የገጠመውን ስህተት የሚመዘግብበትን ፋይል ይክፈቱ። የሚገኘው በወርክስፔሱ (ፕሮግራሙ ሥራውን በሚያስቀምጥበት ማህደር) ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው የሜታዳታ ማህደር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮድ የሚጽፍበትን ወርክስፔስ ሲመለከት ነው፤ የሚፈለገው የሙከራው ፕሮግራም የተነሳበት ወርክስፔስ ሎግ ነው። ፕሮግራሙ ወርክስፔስ ሳይከፍት ከወደቀ ደግሞ ሎጉ በኮንፊገሬሽን ማህደር ውስጥ፣ ስሙ ረጅም ቁጥር ሆኖ ይገኛል። ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው መልእክት እምብዛም አይጠቅምም። ሎጉ ውስጥ «ኮዝድ ባይ» (መንስኤው) ከሚሉት መስመሮች የመጨረሻውን ያንብቡ።

ምልክት፦ ከኤክሊፕስ ውስጥ ሲነሳ ይሠራል፤ ኤክስፖርት ተደርጎ (ለብቻው ታሽጎ) ደንበኛው ዘንድ ሲሄድ ግን አይሠራም።

በጣም የተለመደውና ብዙ ሰዓት የሚበላው ይህ ነው። እርስዎ ጋር ሲነሳ ፋይሎቹ በቀጥታ ከፕሮጀክቱ ይነበባሉ። ኤክስፖርት ሲደረግ ግን የሚታሸጉት በቢልድ ፕሮፐርቲስ ፋይል ውስጥ «ቢን ኢንክሉድስ» በሚለው መስመር የተዘረዘሩት ብቻ ናቸው። ሜኑዎቹ የሚመዘገቡበት ፕለጊን ኤክስኤምኤል የተባለው ፋይል ከዚህ ዝርዝር ከቀረ ፕለጊኑ ይጫናል፣ ሜኑዎቹ ግን የሉም። አንድም የስህተት መልእክት አይወጣም፤ ሰውን የሚያሳብደውም ይህ ዝምታ ነው። የምስሎቹ ማህደር ከቀረ የአዝራሮቹ ምስል ይጠፋል። የትርጉም ቃላቱ ፋይል ከቀረ ደግሞ አዘዞ ያለው ፋርማሲስት «የመድኃኒት ክምችት» የሚለውን ሲጠብቅ በፐርሰንት ምልክት የሚጀምር የእንግሊዝኛ ኮድ ያያል። የፐርሰንት ምልክት ሜኑ ላይ ካዩ ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

ሁሉም ተዘርዝሮ ሜኑው አሁንም ከሌለ ማኒፌስቱን፣ ማለትም የፕለጊኑ መታወቂያ የሆነውን ፋይል ይክፈቱ። ኤክስቴንሽን (እንደ ሜኑ ያለ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨምረው ነገር) ያለው ፕለጊን «ሲንግልተን» (አንድ ብቻ) ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ካልሆነ ኤክስቴንሽኖቹ ይዘለላሉ። ቀጥሎ ፕለጊኑ የሚታሸገው ፕሮግራም በተዘረዘረበት የፕሮዳክት ፋይል ውስጥ፣ ፕሮዳክቱ በፊቸር (በፕለጊኖች ጥቅል) የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በፊቸሩ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

ምልክት፦ «አፕሊኬሽኑ በሬጅስትሪው (በመዝገቡ) ውስጥ አልተገኘም» ይላል፣ ወይም አንድ ክላስ (የኮድ ክፍል) ጠፋ ይላል።

አፕሊኬሽኑ አለ፤ የያዘው ፕለጊን ግን የሚያስፈልገው ሌላ ፕለጊን ስለጎደለ አልተገናኘም። ለማየት ፕሮግራሙን ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት በሚከፍተው «ሰረዝ ኮንሶል» በሚለው አማራጭ ያስነሱ። በአዳዲሶቹ እትሞች የኢኩዊኖክስ (የኤክሊፕስ ኦኤስጂአይ) ኮንሶልና የፌሊክስ ጎጎ ፕለጊኖች አብረው ካልተካተቱ ኮንሶሉ አይመጣም። ሲከፈት «ኤስ ኤስ» ብለው ይጻፉ፤ የፕለጊኖቹ ዝርዝር ከነቁጥራቸውና ከነሁኔታቸው ይወጣል። «ሪዞልቭድ» ወይም «አክቲቭ» የሚለው ደህና ነው። «ስታርቲንግ» ላይ ቆሞ የቀረውም አያስደንግጥዎ፤ ሲፈለግ ብቻ የሚነሳ ፕለጊን እንዲህ ይታያል። «ኢንስቶልድ» ላይ የቀረው ነው ችግረኛው። «ዲያግ» ብለው ቁጥሩን ሲያስከትሉ ምን እንደጎደለው በስም ይነግርዎታል።

መፍትሄው በማስነሻ ቅንብሩ ውስጥ፣ ፕለጊኖች በሚለው ገጽ የሚያስፈልጉትን ሁሉ የሚጨምረውን አዝራር መጫን ነው። ከመነሳቱ በፊት ፕለጊኖቹን የሚያረጋግጠውንም ምርጫ አብረው ያብሩ። አዲስ ፕለጊን አንዱ ጋር እየሠራ ሌላው ጋር እምቢ የሚለውም ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ማስነሻ ቅንብር ስለሚለያይ ነው። ሁሉም ከፕሮዳክት ፋይሉ ቢያስነሳ ቅንብሩ ከዚያ እንደገና ስለሚወጣ ክርክሩ ያበቃል።

ምልክት፦ አዲስ የጨመሩት መስኮት አይታይም፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ፕሮግራሙ መክፈቻ ምስሉ ላይ ደርቆ ይቀራል።

ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም የሚጠረጠረው አንድ ፋይል ነው። ከ4 እትም ወዲህ ኤክሊፕስ የመስኮቶቹን አቀማመጥ «ወርክቤንች» በሚል ስም በሚታወቅ ፋይል ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ሁኔታ አሮጌው አቀማመጥ አዲሱን ይሸፍነዋል፤ በሁለተኛው ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ስለሄደ ተበላሽቷል። ፕሮግራሙን «ክሊር ፐርሲስትድ ስቴት» በሚለው አማራጭ ያስነሱ፣ ወይም የወርክስፔሱን ቅጂ ካስቀሩ በኋላ ፋይሉን ያጥፉ። የሚጠፋው የመስኮቶቹ አደራደር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም «ክሊን» የሚለውን አማራጭ እንደ ፀበል ለሁሉም በሽታ ያዛል፤ ክሊን የሚያጸዳው የፕለጊኖቹን ጊዜያዊ ማከማቻ እንጂ አቀማመጡን አይደለም። በቋሚነት ማስቀመጡም አነሳሱን ያዘገያል።

«ወርክስፔሱ በሥራ ላይ ነው» ካለ ደግሞ ያልተዘጋ የጃቫ ሂደት ከኋላ ይኖራል፤ በታስክ ማናጀር ይዝጉት።

ምልክት፦ የመውጫ ቁጥር 13 ያለው የጃቫ መልእክት።

የጃቫው እትም ወይም የ32 እና የ64 ቢት ነገር አልተጣጣመም። ከ2020-09 እትም ጀምሮ ኤክሊፕስ ቢያንስ ጃቫ 11፣ ከ2022-09 ጀምሮ ጃቫ 17 ይፈልጋል። የማስነሻ አማራጮቹ በሚጻፉበት በአይኒ ፋይሉ ውስጥ «ሰረዝ ቪኤም» በአንድ መስመር፣ የጃቫው አድራሻ በሚቀጥለው መስመር ይጻፋል፤ ሁለቱም ለጃቫው የሚሰጡት አማራጮች ከሚጀምሩበት ከ«ቪኤም አርግስ» መስመር በላይ።

ምልክት፦ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ተለወጠ።

ከጃቫ 18 በፊት የፊደል ቅንብሩ የሚወሰደው ከዊንዶውስ ስለነበር በአንዱ ኮምፒውተር የተነበበው በሌላው ይበላሻል። የፋይል ኢንኮዲንጉን (የፊደል ቅንብሩን) በቪኤም አርግስ ሥር ዩቲኤፍ 8 ያድርጉት። ለሜኑ ቃላት አስተማማኙ መንገድ ፊደሎቹን በዩኒኮድ ቁጥራቸው መጻፍ ነው፤ «ሀ» ለምሳሌ 1200 ነው።

ምልክት፦ ኮዱ ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ሁሉም ፋይል ቀይ ሆነ።

ኢንተርኔት ተቋርጦ ታርጌት ፕላትፎርሙ (ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው ፕለጊኖች ስብስብ) ከኤክሊፕስ ሰርቨር ፕለጊኖቹን ማምጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል። መስመሩ ሲመለስ የሚፈልጓቸውን ፕለጊኖች አንዴ አውርደው በፕሮጀክቱ ውስጥ ባለ ማህደር ያስቀምጡና ታርጌት ፋይሉን ወደዚያ ያመልክቱ። አድራሻውን ሲጽፉ የራስዎን ዲስክ መንገድ ሳይሆን የፕሮጀክቱን ቦታ የሚተካውን ተለዋዋጭ ይጠቀሙ፤ አለዚያ ያው ቀይ መስመር በባልደረባዎ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል።