በዶሮ ክንፍና በበግ እግር የዝግመተ ለውጥን ማስረጃ መመርመር

ጎንደር ውስጥ ለበዓል ዶሮ በ12 ብልት ሲበለት፣ የክንፉ ጫፍ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ስለሚጣል፣ ሙሉ ክንፉ እንዲቀመጥልዎ አስቀድመው ይናገሩ። የበግ የፊት እግርም ከነሰኮናው ያግኙ። ሁለቱንም ሥጋው እስኪለቅ ቀቅለው አጥንቶቹን በቅደም ተከተላቸው ይደርድሩ።

በመጀመሪያ የራስዎን ክንድ ይዳስሱ፤ ከትከሻ እስከ ክርን አንድ፣ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ሁለት አጥንቶች አሉ። የዶሮው ክንፍም ይህንኑ ተራ ይከተላል፤ ጫፉ ላይ የሦስት ጣቶች ቅሪት ይገኛል። ጊዜ ወስደው ሊያዩት የሚገባው ግን ከበጉ የፊት ጉልበት በታች ያለው ረጅም አጥንት ነው፤ አንድ ቢመስልም ታችኛው ጫፉ መንታ ሲሆን ፊቱ ላይ ቀጭን ቦይ ይታያል፤ ይህም በፅንስነት ጊዜ ተለያይተው የነበሩ ሁለት አጥንቶች የተዋሐዱበት ምልክት ነው። ለመብረር፣ ለመራመድና ለመጨበጥ የሚያገለግሉ አካላት አንድ ዓይነት አወቃቀር የሚጋሩት ከጋራ ቅድመ አያት ስለወረሱት ነው።

ጎርጎራ ድረስ ከዘለቁ ደግሞ የጣናን የባርበስ ዓሦች አፍ ያነጻጽሩ፤ በሐይቁ ውስጥ ከ10 የሚበልጡ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ የአፋቸው ቅርጽ እንደየአመጋገባቸው ይለያያል።