ከጦሳ ግርጌ ለምትኖሩ፦ የመሬት መንሸራተት ምልክቶች

በደሴ ዙሪያ፣ በተለይም በጦሳ ተራራ ግርጌ የምትኖሩ ወገኖች፣ የመሬት መንሸራተት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት እንደሚያሳይ እባካችሁ አትዘንጉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አፈሩ ውኃ ጠግቦ ሲከብድ፣ ከቤታችሁ በላይ ባለው ተዳፋት ጣት የሚያስገባ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረው ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ ወይም ትናንት በቀላሉ ይዘጋ የነበረው በር ዛሬ አልዘጋ ካለ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሳትጠብቁ ልጆቻችሁንና አረጋውያንን ይዛችሁ ውጡ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የበሩ ምልክት ነው፤ «እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው» እየተባለ በቀላሉ ይታለፋልና። ስትሸሹም ናዳው የሚወርደው በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ቁልቁል አትሩጡ፤ ወደ ጎን ከመስመሩ ውጡ። የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ከቤት በላይ ይቀደድ።