ከሀዋሳ ኪጋሊ ለሚደረግ የተማሪዎች የጥናት ጉዞ ብር እንዴት ይሰበሰባል

ለሕግ፣ ለታሪክ ወይ ለሶሻል ወርክ ተማሪ ሩዋንዳ ሄዶ ማየት ትልቅ ነገር ነው፣ ችግሩ ብሩ ነው። ብዙ ግሩፕ ደሞ ሀሳቡ እንደመጣለት ቀጥታ ፖስተር ዲዛይን ማድረግ ይጀምራል፣ ከዛ የመጀመሪያው ነጋዴ "ለምንድነው የምትሄዱት?" ሲላቸው እርስበርስ ይተያያሉ።

1. ለምን እንደምትሄዱ ግማሽ ገጽ ጻፉ

ሀዋሳ ውስጥ የሚገጥማችሁ ጥያቄ አንድ ነው፣ "ጦርነት እዚሁ አላየንም እንዴ ሩዋንዳ ምን ታደርጋላችሁ?" ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱም እዛው ውስጥ አለ። የኛ ሀገር የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ (ከግጭት በኋላ ያለፈው በደል እንዴት ይዳኝ የሚለው) ሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፣ ሩዋንዳ ደሞ እ.ኤ.አ ከ1994ቱ የቱትሲዎች የዘር እልቂት በኋላ መደበኛ ፍርድ ቤቱ አልችለው ሲል ጋቻቻ በሚባለው የመንደር ሸንጎ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፋይል አይታ እ.ኤ.አ በ2012 ዘግታዋለች። ምኑ ሰራ ምኑ አልሰራም (ብዙ ትችትም አለበት) የሚለውን ጠይቀን መጥተን ለከተማው ሰው እናቀርባለን ካላችሁ ሰው ይሰማችኋል። "ልምድ ለመቅሰም" ምናምን የሚለውን ግን ተዉት፣ ሰልችቷል።

2. በጀቱን መጀመሪያ በዶላር ስሩ

ትልቁን የሚበላው ትኬቱ ነው። ከአዲስ አበባ ኪጋሊ ቀጥታ በረራ አለ፣ ብዙ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ የግሩፕ ዋጋ ጠይቁ። "በሞያሌ አድርገን በናይሮቢ በካምፓላ በመኪና እንሂድ" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም፣ መንገዱ አለ ግን የቀናቱን ምግብና አልጋ ስትደምሩት ያተረፋችሁት ብዙ አይሆንም።

ሩዋንዳ የአፍሪካ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የቪዛ ክፍያ አታስከፍልም፣ ኪጋሊ ጊሶዚ ሰፈር ያለው የእልቂቱ መታሰቢያም መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚከፈለው ለድምጽ አስጎብኚው ነው። ፓስፖርት የሌለው ልጅ ግን ዛሬውኑ ይጀምር፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም እንዳትረሱ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሆነ በብር ያሰላችሁት ሂሳብ ከሶስት ወር በኋላ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ጨምሩበት።

3. ብሩ የት ይቀመጣል?

እኔን ብትጠይቁኝ የሁሉም ዋናው ይሄ ነው። በአንድ ልጅ ቴሌብር ላይ በፍጹም እንዳይገባ፣ ልጁ ሌባ ስለሆነ ሳይሆን ወሬው አይቀርም፣ ወሬ ከተነሳ ደሞ የሚቀጥለው ሰው አይሰጥም። ትምህርት ክፍላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፣ ሁለት ተማሪና አንድ መምህር በጣምራ የሚፈርሙበት የባንክ ሂሳብ ክፈቱ፣ በየሳምንቱ አርብ የገባውንና የወጣውን የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፉ። ሀያ ብር የሰጠ ሰው እንኳን ደረሰኝ ይያዝ።

4. አሁን መሰብሰብ

ከትንሹ ጀምሩ። እሁድ እሁድ ሀይቅ ዳር ቡና ማፍላት፣ ግቢ ውስጥ የመጽሐፍና የልብስ ባዛር፣ መኪና ማጠብ፣ እነዚህ ትንሽ ትንሽ ያስገባሉ ግን ሰው ያውቃችኋል። ሀይቅ ዳር ቦታ ለመያዝ ግን ቀድማችሁ የሚመለከተውን አካል አስፈቅዱ። ቶምቦላ ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ አይቻልም፣ "ትንሽዬ ናት" ብላችሁ እንዳትገቡበት። ኮንሰርቱን ተዉት፣ ሳውንድ ሲስተሙና አዳራሹ ትርፉን ይበሉታል።

ሆቴሎች ጋር ስትሄዱ ካሽ አትጠይቁ። አዳራሽ፣ ለባዛሩ ወንበር፣ እስከ ቦሌ የሚያደርስ ሚኒባስ ጠይቁ፣ እሱን ቶሎ እሺ ይላሉ። ድርጅቶች ጋር ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዛችሁ በአካል ሂዱ፣ ኢሜይል ማንም አያይላችሁም፣ ደሞ ሰኔ ላይ አትሂዱ፣ "በጀት ተዘግቷል" ትባላላችሁ፣ ከሐምሌ በኋላ ይሻላል። ከትምህርት ክፍላችሁ ተመርቀው የወጡትን ፈልጉ፣ ከማያውቃችሁ ትልቅ ድርጅት ይልቅ እነሱ ይሰጣሉ።

ስለ ፖስተሩ አንድ ነገር፣ የራስ ቅልና የአጥንት ፎቶ እንዳትለጥፉ። የሰው ሟች ነው፣ ብር መለመኛ አይደለም፣ እዛ የምታገኟቸው ሰዎችም ሊያዩት ይችላሉ። የኪጋሊን ከተማ ወይ የራሳችሁን ግሩፕ ፎቶ ተጠቀሙ።

5. ቀኑን ሳትቆርጡ

ሩዋንዳ ከኤፕሪል 7 ጀምሮ የእልቂቱ ሟቾች የሚታሰቡበት የሀዘን ሳምንት ነው፣ ለመታሰቢያው ብላችሁ ካልሆነ ቃለመጠይቅ ለማድረግ አይመችም። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ደሞ ኡሙጋንዳ የሚባል የጋራ ስራ አለ፣ እስከ ረፋድ ሱቅ ይዘጋል፣ አስተናጋጆቻችሁ ከጋበዟችሁ ግን ከነሱ ጋር ውጡ፣ ከየትኛውም ሌክቸር በላይ ነው። ፌስታል ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

ብሩ ባይሞላስ? ይሄን ገና ሳትጀምሩ በጽሁፍ ወስኑ፣ የሚሄደው ሰው ይቀነሳል ወይስ ቀኑ ይገፋል፣ ጉዞው ጭራሽ ከቀረስ ለሰጪው ይመለሳል ወይስ ለሚቀጥለው ባች ይተላለፋል። የባንክ ሂሳቡ ሶስት ፈራሚዎች ፈርሙበትና ደረሰኙ ጀርባ ላይ አሳትሙት።