የካንሰር እንክብል ከጀመሩ በኋላ ፀጉር ሲለወጥ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ኬሞ የሚጀምር ሰው ፀጉሩ እንደሚረግፍ አስቀድሞ ይነገረዋል። ካንሰሩን የሚያሳድገውን ትእዛዝ ለይተው የሚዘጉትን፣ ኢላማ ተኮር የሚባሉትን መድኃኒቶች የሚጀምር ግን ብዙ ጊዜ ስለ ፀጉሩ ምንም ሳይሰማ እንክብሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከወራት በኋላ ፀጉሩ ሲነጣ ወይም ሽፋሽፍቱ ሲንጨፈረር ይደነግጣል፤ ለማንም ሳይናገር መድኃኒቱን የሚያቆምም አለ። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አንዱም ቢሆን በራስዎ ውሳኔ መድኃኒት የሚያስቆም አይደለም።

ፀጉሩ ነጣ

ለኩላሊት ካንሰር የሚታዘዙት ሱኒቲኒብና ፓዞፓኒብ በዚህ ይታወቃሉ። ለፀጉር ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ኪት ከሚባል ፕሮቲን የሚመጣ ትእዛዝ ያስፈልጋቸዋል፤ መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲዘጋ ይህንንም አብሮ ይዘጋዋል። ሱኒቲኒብን አራት ሳምንት እየወሰደ ሁለት ሳምንት የሚያርፍ ሰው አንዲት ዘለላ ፀጉር ብርሃን ላይ ይዞ ቢያይ ቀለበት ቀለበት ሆና ያገኛታል፦ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነጭ፣ ግማሽ ያህል ጥቁር፣ እንደገና ነጭ። ነጩ መድኃኒቱ የተወሰደበት፣ ጥቁሩ የእረፍቱ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ቀለሙ ስለሚመለስ ሕክምና አይሻም። ቀለም መቀባት ለሚፈልግ፣ የራስ ቆዳው ካልቆሰለ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ይሻላል።

ለደም ካንሰር የሚሰጠው ኢማቲኒብም ኪትን ስለሚነካ ቆዳንና ፀጉርን ሊያነጣ ይችላል። በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ሰው ለምጽ ነው ብሎ ይፈራል። ለሐኪም ያሳዩት።

ሽፋሽፍት ረዘመ፣ ተጠማዘዘ

ለሳንባ ካንሰር የሚሰጡት ኤርሎቲኒብና ገፊቲኒብ፣ ለአንጀት ካንሰር በደም ሥር የሚሰጠው ሴቱክሲማብ ኢጂኤፍአር የሚባለውን ተቀባይ ይዘጋሉ። ይህ ተቀባይ የፀጉር ሥር መቼ ማደግ፣ መቼ ማረፍ እንዳለበት ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው። ስለዚህ የራስ ፀጉር ሲሳሳና ሲደርቅ ሽፋሽፍትና ቅንድብ በተቃራኒው ይወፍራሉ፤ ሴቶች ፊታቸው ላይም ፀጉር ሊያበቅሉ ይችላሉ።

ብዙ ሰው ይህን የመልክ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈች አንዲት ሽፋሽፍት ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ትፍቃለች፤ ቁስል ትፈጥራለች። በትራኮማ ምክንያት የዐይን ፀጉር መቀልበስ በአገራችን ስለተለመደ ወረንጦ ማንሳት ይቀናናል። አይንቀሉት፤ የተነቀለው ሲያድግ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ብሌኑን ይበልጥ ይወጋል። ወደ ውጭ ያደገውን ሌላ ሰው ጫፉ ክብ በሆነ ትንሽ መቀስ በየጊዜው ይከርክመው። ዐይን ከቀላ፣ ብርሃን ካስቸገረው፣ አሸዋ የገባ ያህል ከቆረቆረ ወይም እይታው ከደበዘዘ በዚያው ቀን ዐይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የፊት ፀጉርን በመቀስ ማሳጠር ይበቃል። ሰምና የፀጉር ማስወገጃ ክሬም ግን ይቅር፤ በእነዚህ መድኃኒቶች የሳሳ ቆዳ በቀላሉ ይላጣል።

የራስ ቆዳ ላይ መግል የቋጠረ ሽፍታና ቅርፊት

ምክንያቱ ያው የኢጂኤፍአር መዘጋት ነው፤ በላዩ ላይ ባክቴሪያ ይጨመርበታል። ቆረቆር መስሏቸው የፈንገስ ቅባት የሚቀቡ አሉ፤ ቅቤ የሚቀቡም አሉ። ቅቤው ቅርፊቱ ሥር ያለውን መግል ከማፈን በቀር አይጠቅምም። ሐኪሙ ከመግሉ ናሙና ወስዶ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክና የስቴሮይድ ሎሽን ሊያዝ ይችላል። እስኪድን ጥብቅ ሹሩባ፣ ካስክና ካውያ ይቁሙ። ቸል ከተባለ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ በሆነበት ቦታ ደግሞ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም።

ፀጉሩ ሳሳ

ፓልቦሲክሊብን ወይም ሪቦሲክሊብን ኢስትሮጅን ሆርሞንን ከሚቀንሰው ሌትሮዞል ጋር ለጡት ካንሰር የሚወስዱ ሴቶች ፀጉራቸው በተለይ መሐል አናታቸው ላይ ይሳሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለጥም። በእንክብሉ ከማሳበብ በፊት ግን የታይሮይድና የብረት መጠን በደም ምርመራ ይታይ፤ ሱኒቲኒብን የመሳሰሉት ራሳቸው ታይሮይድን ያዳክማሉ። 5 በመቶ ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማሳደጊያ መድኃኒት በራስ ቆዳ ላይ መቀባት ሊረዳ ይችላል፤ የካንሰር ሐኪምዎ ከፈቀደ በኋላ ይጀምሩት፣ ውጤቱንም ቢያንስ ሦስት አራት ወር ይጠብቁ። መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ሊያረግፍ ስለሚችል በዚያ አይደናገጡ።

ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የሚባል ቪታሚን የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ያዛባል። እየወሰዱ ከሆነ ደም ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩት።