ስለ ብስክሌት ሲጠየቁ፦ ለአይኤልትስ የንግግር ፈተና

የእንግሊዝኛ ችሎታን በሚለካው የአይኤልትስ ፈተና ላይ ስለ ብስክሌት ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያደናቅፈን የገዛ ቋንቋችን ነው። በአማርኛ መኪናም ብስክሌትም «ይነዳል»፤ በእንግሊዝኛ ግን መኪና «ድራይቭ»፣ ብስክሌት «ራይድ» ነው። ሁለተኛዋ ጠንቅ «በ» ናት። «በብስክሌት» የሚለውን በልቡ የተረጎመ ሰው «ዊዝ ባይክ» ይላል። ትክክሉ «ባይ ባይክ» ነው፤ መሃል ላይ «ኤ» ወይም «ዘ» አይገባም። «ማይ» ከመጣ ደግሞ «ኦን ማይ ባይክ» ይሆናል። አነጋገሩም ሞተርሳይክልን ተከትሎ «ባይሳይክል» እንዳይሆን፤ «ባይሲክል» ነው፣ ጠበቅ የሚደረገውም «ባይ» ላይ ነው። ምላስዎ ከተያዘ «ባይክ» ብለው ይለፉት፣ ነጥብ አያስቀንስም።

የንግግር ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በልጅነትዎ ብስክሌት ነበረዎት ወይ ሲባሉ «የስ፣ ኢት ወዝ ናይስ» ብሎ ማቆም ፈታኙን ባዶ እጁን ማስቀረት ነው። ይህን ያስተያዩት፦ «አይ ዩዝድ ቱ ሼር ዋን ዊዝ ማይ ብራዘር። ዘ ቼይን ኬፕት ካሚንግ ኦፍ፣ ሶ ዊ ስፔንት ሞር ታይም ፊክሲንግ ኢት ዛን ራይዲንግ ኢት።» «ዩዝድ ቱ» የድሮ ልማድን ያሳያል፣ «ኬፕት ካሚንግ ኦፍ» ካቴናው እየደጋገመ መውለቁን፣ መጨረሻው ደግሞ ማወዳደር ነው። ቃላቱ ግን ሁሉም ተራ ናቸው።

መንዳት የማይችሉ ከሆነ «አይቭ ኔቨር ለርንድ ቱ ራይድ» ብለው ምክንያቱን ይንገሩ። እውነት መናገርዎን የሚለካ የለም፤ ሆኖም እየፈጠሩ ማውራት ያንተባትባል።

በሁለተኛው ክፍል የሚናገሩበት ርዕስ የተጻፈበት ካርድ፣ ወረቀትና እርሳስ ይሰጥዎታል፤ 1 ደቂቃ ተዘጋጅተው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይናገራሉ። ብዙ ሰው 40 ሰከንድ ላይ የሚደርቀው የብስክሌቱን ቀለምና ዓይነት ሲዘረዝር ነው። አንድ ቀን ይምረጡ፣ የተበላሸ ነገር ይኑርበት። ማስታወሻው ላይ ዓረፍተ ነገር አይጻፉ፤ «ሂል፣ ሬይን፣ ብሬክስ፣ ኒ» ይበቃል፣ እሱም በእንግሊዝኛ፤ በአማርኛ ከጻፉት እየተረጎሙ ነው የሚያወሩት። መሪው «ሃንድልባርስ»፣ ማርሹ «ጊርስ» ነው። ጎማው ሲተነፍስ «አይ ጎት ኤ ፍላት ታየር»፣ ከላዩ ሲወድቁ «አይ ፌል ኦፍ» ይባላል። 2 ደቂቃ ሲሞላ ፈታኙ ያቋርጣል፤ አይደንግጡ፣ ደንቡ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ከፈታኙ ጋር ውይይት ነው፤ እዚህ ላይ «ብስክሌት ለጤናና ለአካባቢ ጥሩ ነው» የማይል ተፈታኝ የለም። አንድ ምክንያት ይያዙና እስከ ጥጉ ይውሰዱት፦ የብስክሌት መንገድ ከመኪና ሲለይ ወላጅ ልጁን ብቻውን ይልካል፤ ጠዋት ልጅ የሚያደርሱ መኪኖችም ይቀንሳሉ። ከዚያ «ዛት ሰይድ» (ይሁን እንጂ) ብለው ሌላውን ወገን ያንሱ፦ መንገዱ አስፋልት ላይ የተሰመረ ቀለም ብቻ ከሆነ የሚደፍረው የለም።

ሲለማመዱ በስልክ ይቅረጹ። ቅልጥፍና፣ ቃላት፣ ሰዋስውና አነጋገር እያንዳንዳቸው የነጥቡ ሩብ ስለሆኑ ቅጂውን አራት ጊዜ፣ በየጊዜው አንዱን ብቻ እየፈለጉ ይስሙት። ያገኙትን ስህተት ያርሙና ያንኑ ካርድ ማስታወሻውን ሳያዩ ይድገሙት። ቃል በቃል ግን አይሸምድዱ፤ ፈታኝ የተሸመደደ መልስ ከድምፁ ይለየዋል።