ድሬ ላይ የኮምፒውተር ዲግሪ ስትመርጡ

የዲግሪውን ስም ትታችሁ የኮርስ ዝርዝሩን እዩ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ግቡ ሐረማያ፣ የምርጫ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ከዲፓርትመንቱ ካሪኩለሙን ጠይቁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ሒሳብና አልጎሪዝም (ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴ) ይበዛዋል፤ አይቲ (ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ) ወደ ኔትወርክና ሰርቨር ያደላል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ብዙውን ጊዜ 5 ዓመት ነው፣ ሁለቱ ግን 4።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው ኮምፒውተር ሳይንስን የኮምፒውተር ጥገና አድርጎ ሲያስበው ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ላፕቶፕ መፍታት የሚወድ ልጅ ዲስክሪት ሒሳብ (የሎጂክና የስብስቦች ሒሳብ) ሲመጣበት ይደነግጣል።

ሁለት ሳምንት ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሞክሩ፤ ከዚያ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ጎዶሎ ቁጥሮች የሚደምር ፕሮግራም ጻፉ። መልሱ 2500 ነው። 2401 ካወጣ ሉፑ (ደጋግሞ የሚሠራው የፕሮግራሙ ክፍል) 97 ላይ ቆሟል፣ 99ን ዘሏል። ይህችን ስህተት ማደን ካስደሰታችሁ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር፤ ካሰለቻችሁ አይቲን እዩ። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ግዴታ ስለሆነ «ቀላሉን ልያዝ» ማለት አያዋጣም።